እንጦጦ ላይ ትንፋሼን ስቆጥር

ዛሬ ማለዳ እንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ እየሮጠ ስለ ኳስ ያወራል፣ እኔ ግን «እሺ» ለማለት እንኳን አየር አጠረኝ። በንዴት እርምጃዬን መቁጠር ጀመርኩ። ሜዳው ላይ አንዴ አየር አስገብቼ እስካስወጣ አራት እርምጃ ነበር፤ ዳገቱ ሲጠና ሁለት ብቻ ቀረ።

ቤት ገብቼ ሳነብ፣ ብራምብልና ካሪየር የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ይህንኑ ጽፈውበት አገኘሁ። የሚጋልብ ፈረስ በአንድ ዝላይ አንዴ ብቻ ይተነፍሳል፤ የፊት እግሮቹ መሬት ሲመቱ ጫናው ደረቱ ላይ ስለሚያርፍ ሌላ ምርጫ የለውም። ሰው ግን በሁለት እግሩ ስለቆመ ደረቱ ከዚያ ጫና ተገላግሏል፤ 4 ለ1 (አራት ጥንድ እርምጃ ለአንድ ትንፋሽ)፣ 3 ለ1፣ 5 ለ2 እያለ ስልቱን ይቀያይራል። በብዛት የሚታየው 2 ለ1 ነው። ተመራማሪዎቹ የግራና የቀኝ እግርን እርምጃ እንደ አንድ ስለሚቆጥሩ፣ የእኔ አራት እርምጃ ያው 2 ለ1 መሆኑ ነው። ዳገቱ ላይ ግን 1 ለ1፤ ለካ ፈረስ ሆኜ ነበር!

በዚህ ዘመን ደግሞ ትንፋሽን ለመለካት በደረትና በሆድ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ጥቃቅን ምልክቶች ተለጥፈው፣ ካሜራዎች እንቅስቃሴያቸውን ተከትለው የገባውንና የወጣውን አየር መጠን ያሰላሉ። የጎድን አጥንቶች ምን ያህል፣ ሆድ ምን ያህል እንደተነፋ ለየብቻ ይታያል። የእኔ ሆድ ሳይተነፍስም የተነፋ ስለሆነ ካሜራውን እንዳያሳስት እሰጋለሁ።

የእህቴን ልጅ ነገ አንተም ቁጠር ብዬዋለሁ። ሲቆጥር ቢያንስ ዝም ይላል።