ከማይክሮስኮፕ ጥገና ተነስቼ የራሴን መሣሪያ እስከ መሸጥ

ሥራዬ ማይክሮስኮፕ መጠገንና አነስተኛ የማጉያ መሣሪያዎችን ገጣጥሞ መሸጥ ነው። የኦፕቲክስ፣ ማለትም የሌንስ መሣሪያዎች ቢዝነስ መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ካፒታል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመጣበታለሁ። እኔ ግን ገበያውን ያገኘሁት በቆሸሸ ሌንስ በኩል ስለሆነ ከዚያ ልነሳ።

ስጀምር የነበረኝ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቃቅን መፍቻዎች፣ የጎማ አየር መንፊያና የሌንስ ወረቀት ነበር። ላቦራቶሪዎችን እየዞርኩ የማይሠራ ማይክሮስኮፕ ካላቸው እንዲያሳዩኝ እጠይቅ ነበር። ተበላሹ ተብለው ከተቀመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ምንም ነገር አልተሰበረባቸውም። ችግሩ ዘይት ነበር። ባለ 100 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (ለናሙናው የሚቀርበው ሌንስ) የሚሠራው በዘይት ነው፤ ናሙናው ያለበት ብርጭቆ፣ ስላይዱ ላይ ጠብታ ይደረግና የሌንሱ ጫፍ ይነካዋል። ባለሙያው ከመቶው ወደ አርባው ሲመለስ ግን ያለ ዘይት እንዲሠራ የተሠራው አርባው እዚያው ዘይት ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይደርቃል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ መሣሪያው ሞተ ይባላል። በትክክለኛው ማሟሟያና በሌንስ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሳይፈታ ይጸዳል።

ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ሁለት ነገር ሰጠኝ። አንደኛው ደንበኛ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያዎች በተጠቃሚ እጅ ላይ እንዴት እንደሚያረጁ ማየቴ ነው። በኋላ የራሴን ስገጣጥም የጠቀመኝ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ማጽዳት ስል መወልወል ማለቴ አይደለም። ሽፋን የሌለው የብርጭቆ ገጽ ከሚመጣለት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ብርሃኑ 10 ገጾችን ካቋረጠ ሲሶው በመንገድ ይቀራል። ለዚህ ነው ሌንሶች ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን የሚቀቡት። አሌክሳንደር ስማኩላ ዛይስ በተባለው የጀርመን የሌንስ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ይህን ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። አንዱ የተለመደ ሽፋን ውፍረቱ የሚሊሜትር አሥር ሺኛ ቢሆን ነው። አቧራ ያለበትን ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ የሚጠርግ ሰው ይህንን ሽፋን እየፋቀ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አየር ይነፋል፤ ወረቀት የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህን ነው።

ሻጋታ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እርጥበት ባለበት ክፍል የተዘጋ ሳጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ ላይ ቀጫጭን ክሮች ይበቅላሉ። ቶሎ ከተደረሰበት ይነሳል። ከቆየ ግን የሚያመነጨው አሲድ ሽፋኑንና ብርጭቆውን ራሱን ይበላል፤ ያኔ ማንም አያድነውም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲመጣልኝ ሳልነካው እመልሰዋለሁ፣ ገንዘብም አልቀበልም። "እርስዎ ይህን ጥለው አዲስ ቢገዙ ይሻላል፤ ከእኔ ባይገዙም ችግር የለም" ስል የሰሙኝ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ናቸው በኋላ ትልልቅ ትዕዛዝ ያመጡልኝ። መጠገን የሚችል ሰው "አይጠገንም" ሲል ይታመናል።

ወደ ሽያጭ ስገባ ትልቁ ትግሌ ከአንድ ጥያቄ ጋር ነበር፦ "ስንት እጥፍ ያጎላል?" ገዢው የሚያውቀው ቁጥር እሱ ብቻ ነው። ሻጮችም ያንን አውቀው 2000 እጥፍ ብለው ሳጥኑ ላይ ይጽፋሉ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ ግን እ.ኤ.አ. በ1873 ጉዳዩን ዘግቶታል። አንድ ሌንስ ለያይቶ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ርቀት የሚወሰነው በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና ሌንሱ ብርሃንን በሚሰበስብበት ስፋት ነው። ይህ ስፋት ኑሜሪካል አፐርቸር ይባላል፣ ሌንሱ ጎን ላይ ተጽፏል። ይህ ቁጥር 1.25 በሆነ ሌንስና በአረንጓዴ ብርሃን ገደቡ 0.22 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው። የሚጠቅመው ማጉላት ቢበዛ ኑሜሪካል አፐርቸሩ በ1000 ሲባዛ ነው፤ ማለትም 1250 እጥፍ። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይታይም። በመሣሪያው የሚያየው ሰው በደም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ይህ የሰው ጤና ጉዳይ ነው። ስለዚህ ገዢውን ቁጭ አድርጌ ሁለት ሌንሶችን በአንድ ስላይድ ላይ አሳየዋለሁ። በዓይኑ ካየ ስለ እጥፍ መልሶ አይጠይቀኝም።

የራሴን መሣሪያ መገጣጠም ስጀምር ሌንሶቹን ከአምራቾች ነበር የማዘው። እዚህ ላይ የምመክረው ጥብቅ ነገር አለ፦ በናሙና አትደሰቱ። ናሙና ተመርጦ ነው የሚላክላችሁ። ዋናው ጭነት ሲመጣ አንዱ ሌንስ ማዕከሉን የሳተ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ ቀለም የሚያሳይ ይሆናል። እኔ ምን ያህል ጭረት፣ ምን ያህል የማዕከል መዛነፍ እንደምቀበል ከክፍያ በፊት በጽሑፍ እንስማማለን። ዕቃው ሲደርስ እያንዳንዱን ሌንስ በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ በሚወጣ ብርሃን እፈትሻለሁ። ከትኩረት ትንሽ ወጣ ሲደረግ ክብ ቀለበቶች ከታዩ ደህና ነው፤ ቀለበቱ ወደ አንድ ጎን ጅራት ካወጣ ይመለሳል። ይህ መፈተሻ የሚፈልገው ውድ ማሽን አይደለም፤ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ካፒታሉ። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያንቀው ጊዜ ነው። ሌንስ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፣ ይሸፈናል፤ አምራቹም ቅድመ ክፍያና ብዛት ያለው ትዕዛዝ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ትልልቅ ተቋማት የሚከፍሉት ዘግይተው ነው። በመሃል ያለው ክፍተት ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ጥሏል። እኔን ያቆየኝ ጥገናው ነው። የጥገና ገንዘብ ትንሽ ትንሽ ቢሆንም በየጊዜው ይመጣል። ዓመታዊ የጥገና ውል ስጀምር ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ከየት እንደሆነ አስቀድሜ ማወቅ ቻልኩ። ሽያጩ ሲያድግ "ጥገናውን ተወው፣ ጊዜህን ይበላል" ያሉኝ ነበሩ። አልተውኩትም፣ አልተውምም።

ብቻዬን የማልችለውንም ለይቼ አወቅሁ። የዛይስ ኩባንያ መሥራች ካርል ዛይስ በጀርመኗ የና ከተማ ዎርክሾፑን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ፊዚክስ የሚያሰላለት አቤ አብሮት መሥራት የጀመረው በ1866፣ ብርጭቆ ከሚያቀልጥላቸው ከኦቶ ሾት ጋር ፋብሪካ የከፈቱት ደግሞ በ1884 ነው። ጎበዝ እጅ፣ ስሌትና ብርጭቆ፦ ሦስቱም በሦስት ሰው ነው የመጡት። እኔም እጄ ላይ ስለምተማመን ስሌቱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተሻረክሁ። ድርሻ መስጠቱ ቢከብደኝም ዛሬ ያለ እሱ አንድም ሌንስ አላዝም።

ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጋር ተጠቃሚዎቹን ራሴ ሄጄ አሠለጥናለሁ። ዘይት የት እንደሚጨመር፣ አርባውን እንዴት ከዘይት እንደሚያሳልፉ፣ ብርሃኑን ስላይዱ ላይ የሚሰበስበውን ኮንደንሰር እንዴት እንደሚያስተካክሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጩ ሲሊካ ጄል መቼ እንደሚቀየር አብረን እንሠራለን። ወጪው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። ገዢው ዋጋ ቀንስ ካለኝ ስለ ሳጥኑና ስለ ተጨማሪ የዓይን ሌንሱ እንነጋገራለን። ሥልጠናውን ግን አላወጣም።