ፒኑን ገልብጣችሁ እዩት

ከብሔራዊ ፓርክ ወይም ከታሪካዊ ስፍራ ሱቅ ፒን፣ ማለትም ልብስ ወይም ኮፍያ ላይ የሚሰካ ትንሽ ጌጥ፣ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው፤ ድቡ ላይ፣ ተራራው ላይ፣ የቀለሙ ድምቀት ላይ። የፒኑን ዕድሜ የሚወስነው ግን ጀርባው ነው። መርፌው የተበየደበት ቦታና መርፌውን ከኋላ የሚይዘው መያዣ ደህና ካልሆኑ የፊቱ ውበት ብዙ አይቆይላችሁም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት። መርፌው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ሁለት መርፌ ያለው ከአንድ መርፌው ይሻላል፤ አንድ መርፌ ብቻ ሲሆን ፒኑ ልብስ ላይ እየዞረ ተራራው ይዘቀዘቃል።

የአሜሪካ ፓርኮች ፒን አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተሠራበትን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ከጀርባ ካስጠጋችሁት መርፌው ብቻውን ብረት ሊሆን ስለሚችል ያሳስታችኋል፤ ከፊት በኩል ጠርዙ ላይ ሞክሩት። አጥብቆ ከሳበው ፒኑ ብረት ነውና ዝናብና ላብ የሚያገኘው ኮፍያ ላይ አታድርጉት፣ ይዝጋል። ካልሳበው ናስ፣ መዳብ ወይም የዚንክ ቅይጥ ነው።

የቀለሙን ዓይነት ደግሞ ጥፍራችሁ ይነግራችኋል። ጥፍራችሁን በፊቱ ላይ ስታንሸራትቱት የብረቱ መስመር ከፍ፣ ቀለሙ ዝቅ ብሎ ከተሰማችሁ ለስላሳ ኢናሜል የሚባለው ነው (ኢናሜል በብረቱ መስመሮች መካከል የሚሞላው ቀለም ነው)። ወለሉ እንደ መስታወት እኩል ከሆነ ጠንካራ ኢናሜል ነው፤ ቀለሙ ተሞልቶ፣ በሙቀት ደርቆ፣ ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን የተሞረደ። ጭረት የሚችለው ይኼኛው ስለሆነ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም እሱን ምረጡ። ሦስተኛው ዓይነት ሥዕሉ ታትሞበት ከላይ ጎበጥ ያለ ኢፖክሲ የሚባል ብርጭቆ መሳይ ሙጫ የፈሰሰበት ነው። መስኮት አጠገብ ካቆያችሁት ያ ሽፋን ቢጫ ይሆናል።

የት መግዛት ይሻላል? የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ ያሉትን ሱቆች በብዙ ፓርኮች የሚያንቀሳቅሷቸው ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ስለሆኑ ከሽያጩ የሚገኘው ለፓርኩ ሥራ ይውላል። ሎጁ (የፓርኩ ማረፊያ ሆቴል) ውስጥና ከበሩ ውጭ ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው ሱቅ ሌላ ነው፤ እዚያ ያንኑ የድብ ሥዕል የፓርኩ ስም ብቻ እየተቀየረ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው ፒን ስሙ ቢጠፋ የየት እንደሆነ አይታወቅም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለምትኖሩ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ወደምትባለው ታሪካዊ ከተማ ሄዳችሁ የባርነት ተቃዋሚው ጆን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1859 የመሸገባት ትንሿ የጡብ ቤት ያለችበት ፒን ብታገኙ አትለፉት፤ ያ ሥዕል የሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ጉዟችሁ፣ 105 ማይል በሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የፓርኩ መንገድ ላይ የጎብኚዎች ማዕከሎቹ ያሉት 4.6ኛውና 51ኛው ማይል ላይ ነው። የመጀመሪያው በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ ሳታጣሩ አትሂዱ።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገር ከፒን ጋር ይምታታል። አንደኛው የከዘራ ሜዳልያ ነው፤ ስስ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ በሁለት ጥቃቅን ምስማር የእግር ጉዞ ዱላ ላይ የሚመታ። መርፌ የለውም። ሌላው የጁኒየር ሬንጀር (የትንሽ ፓርክ ጠባቂ) ባጅ ሲሆን በገንዘብ አይገዛም፤ ልጆች የሥራ ደብተሩን ሞልተው፣ ለሬንጀሩ አሳይተው፣ ቃል ገብተው ያገኙታል። እሱን ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡላቸው፣ የለፉበት ነው።

ፒን ከእጅ የሚወጣው በመያዣው ምክንያት ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሱቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ያለው ቢራቢሮ የሚባለው፣ ሁለት ክንፉን ጫን ብለው የሚያላቅቁት ነው። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ መርፌው ላይ ባለው ሸንተረር ይይዛል፤ በተደጋጋሚ ሲወጣና ሲገባ ግን ይላላል። መርፌው ላይ አድርጋችሁ ክንፉን ሳትነኩ ሳብ አድርጉት፤ ከወጣ ጣሉት። የጎማው መያዣ ለልብስ ጥሩ ነው፣ የመርፌውን ጫፍም ሸፍኖ ከመውጋት ያድናል። ለጀርባ ቦርሳና ለኮፍያ ግን ቆላፊ የሚባለውን መያዣ ግዙ። የሚፈታው ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ መካከል ላይ ያለችውን ቆብ ወደ ላይ በመሳብ ነው። በማዞር የሚፈታ መስሏቸው ሲጠመዝዙት መርፌውን ከብየዳው የሚነቅሉት ብዙ ናቸው። መርፌው ራሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ስፖንጅ ያለበት የቦርሳ ማንገቻ ላይ አይበቃም፤ ነጠላ ጨርቅ ያለበትን ቦታ ፈልጉ።

ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ለማሳየት የቡሽ ሰሌዳ ይመቻል፣ ግን ቡሹ ራሱ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ርካሹ ሰሌዳ ላዩ ብቻ ቡሽ፣ ሥሩ ጠንካራ ካርቶን ስለሆነ መርፌውን ያጣምማል። ጨርቅ ላይ ከሆነ ክብደቱን አስቡ፤ አንድ ፒን ከነመያዣው ከ5 እስከ 10 ግራም ስለሚመዝን 100 ፒን እስከ 1 ኪሎ ይደርሳል። ሸራ ወስዳችሁ ከኋላው ልብስ ሰፊዎች የሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡትን ማጠንከሪያ ጨርቅ በካውያ አጣብቁበት። ቆዳ ላይ አትሰኩ፤ ቅባቱ ናስና መዳብ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያመጣል። ለስላሳውን የፒቪሲ ፕላስቲክ ኪስም ተዉት፣ በጊዜ ብዛት እያዠ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ወዲያው በጥጥ ጨርቅ ማድረቅ። የጥርስ ሳሙና ይጭራል። አሴቶን ደግሞ ለስላሳውን ኢናሜልና ኢፖክሲውን ያሟሟል።

መዝገብ መያዝን እንደ ትርፍ ሥራ አትቁጠሩት። ክብ ወረቀት ቆርጣችሁ፣ በእርሳስ ቁጥር ጽፋችሁ፣ በመርፌው አሳልፋችሁ መያዣው ሥር አድርጉት። ደብተሩ ላይ በዚያው ቁጥር ቦታውን፣ ሱቁን፣ ዋጋውንና ቀኑን አስፍሩ። የእኛ ሰው በተለይ ቀኑ ላይ ይጠንቀቅ። 5/6/2016 ብላችሁ ብትተዉት ልጃችሁ እንዴት ያንብበው? የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2016? ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጨምሩበት። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት 100ኛ ዓመቱን ያከበረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ የሎውስቶን ፓርክ ደግሞ 150ኛውን በ2022 ስለሆነ፣ የበዓል ፒን ሲገጥማችሁ የተገዛበትንና ፊቱ ላይ የተጻፈውን ዓመት ለየብቻ መዝግቡ።

መርፌው ከተነቀለ ብየዳ ቤት አትውሰዱት፤ ሙቀቱ የፊቱን ቀለም ያቃጥለዋል። ከእደ ጥበብ ዕቃ መሸጫ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው መርፌ ግዙ። ጀርባውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጋችሁ በአልኮል ጥረጉ፣ ሁለት ቱቦ ያለውን ኢፖክሲ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ለጥፉት። የአምራቹ ማህተም ካለ አትሸፍኑት። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፣ ነገር ግን ትነቱ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ ገፋ ሲደረግም ተሰንጥቆ ይለቃል። ከለጠፋችሁት በኋላ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኙት፤ 24 ሰዓት ሳይሞላው መያዣ አታስገቡበት።