ኳሱ ከእጄ ሲወጣ አቁመው

«ፊልም አይዋሽም።» የኮሌጃችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አለቃ እሑድ ከሰዓት የቅዳሜውን ጨዋታ ፊልም ከመክፈቱ በፊት ይህችን ሳይል አይጀምርም። መብራት ይጠፋል፣ ሪሞቱ እጁ ይገባል፣ ከዚያ የሁለተኛ ዓመቱ ኳርተርባክ (የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ) መከራ ይጀምራል። «እዚህ ጋ ማንን ነበር የምታየው?» ወደኋላ። «አሁንስ?» እንደገና ወደኋላ። ልጁ አንገቱን እንደደፋ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

እኔ የአይቲ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በትንሽ ኮሌጅ ግን አንድ ሥራ ብቻ ያለው ሰው የለም፤ የተከላካዮቹ አሰልጣኝ የሜዳውን መስመር ይቀባል፣ እኔ ላይ ደግሞ ፊልሙ ወደቀ። ከጎን ሰፊውን፣ ከኤንድ ዞን (ነጥብ ከሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ) ጀርባ ጠባቡን እንቀርጻለን። ማታ ሙከራዎቹን፣ ማለትም እያንዳንዱን የማጥቃት እንቅስቃሴ፣ ለየብቻ ቆርጬ ሀድል የሚባለው የጨዋታ ፊልም ድረ ገጽ ላይ እጭናለሁ። በኅዳር ብርድ የአሜሪካ ሚድዌስት ውስጥ ማማ ላይ ቆሞ ስለመቅረጽ ባላወራ ይሻላል።

አለቃችን ኮች (ሚስቱም እንደዚያ ነው የምትጠራው) እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዚያው ኮሌጅ ኳርተርባክ ነበር። ከአፉ የማይለየው ስም የአሰልጣኙ ላንስ ላይፖልድ ነው። ላይፖልድ በዊስኮንሲን ዋይትዋተር ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሆኖ ተጫወተ፤ በኋላ እዚያው ዋና አሰልጣኝ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 ድረስ 109 ጨዋታ አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ፣ የዲቪዚዮን 3ን (እንደ እኛ ያሉ ኮሌጆች የሚጫወቱበትን ምድብ) ዋንጫ 6 ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲን፣ በ2021 ደግሞ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲን ያዘ። በዚያው ዓመት ቴክሳስን በሜዳው፣ በጭማሪ ሰዓት 57 ለ 56 ሲረታ ለአቻነት የምትበቃውን 1 ነጥብ በእግር መምታት ትቶ ለማሸነፍ ለ2 ነጥብ ሄደ፤ ኳሷን የያዘው ስኮላርሺፕ እንኳ ያልነበረው ልጅ ነው። ኮች ይህን ሲተርክ ራሱ የወረወራት ነው የሚመስለው። «እኔና ላንስ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን» ይላል። እኛም እንሰማለን።

የራሱ ታሪክ ደግሞ አለው። ዲቪዚዮን 3 ላይ የስፖርት ስኮላርሺፕ ስለሌለ ተጫዋች የሚመጣው በወሬ ነው፤ ለጉብኝት የሚመጣ ወላጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይመለስም። የመጨረሻው ደቂቃ፣ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ። «ግራ አየሁ፣ ተዘግቷል። መሃል አየሁ፣ ተዘግቷል። ሦስተኛውን አገኘሁት።» ታችዳውን፣ ስድስት ነጥብ!

አንድ ክረምት ላይ የዚያን ጨዋታ ቪኤችኤስ ካሴት አምጥቶ ለወላጆች የሚታይ ቪዲዮ ሥራልኝ አለኝ። ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ያቺን ሙከራ ፈለግኋት። ኳሱን ከተቀበለበት ቅጽበት ጀምሮ ጭንቅላቱ አልዞረም፤ ግራውን ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ብቻ እንዳየ ሁለት ተከላካዮች መሃል ወረወረው። ኳሱ የአንዱን ትከሻ መትቶ ወደ ላይ ነጠረና ኤንድ ዞኑ ጥግ ብቻውን የቆመ ሰው እጅ ላይ ወረደ።

ጠርቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየ። አይጤውን ከእጄ ወስዶ ወደኋላ መለሰ፤ ደግሞ መለሰ።

«ካሜራው ጥሩ ቦታ ላይ አልነበረም» አለ።

«የጎኑ ካሜራ ነው፤ ሁልጊዜ የምናየው።»

«ከጎን ዓይን አይታይም። ኳርተርባክ የሚያየው በዓይኑ ነው፣ በራስ ቁሩ አይደለም።»

አልመለስኩለትም። ያን ሁለተኛ ዓመት ልጅ ግን «የራስ ቁርህ የዞረበትን እያየሁት ዓይኔ ሌላ ጋ ነበር አትበለኝ» ሲለው ፕሮጀክተሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። በዚያው ወቅት ነው፣ በዚያው ክፍል።

«ኳሱ ከእጄ ሲወጣ አቁመው» አለኝ ቀጥሎ።

«የያዘውስ ሰውዬ?»

«ከዚያ የሕዝቡን ጭፈራ አስገባ።»

አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፤ ዝግ ባለ እንቅስቃሴ፣ ከሙዚቃ ጋር። አንዲት እናት ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ፤ ልጇም ፈረመ።

የሚያናድደኝ ትምህርቱ ትክክል መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያ አንገት ደፊ ልጅ ግራውን አየ፣ መሃሉን አየ፣ ሦስተኛውን አገኘ፤ በሁለቱም ካሜራ በግልጽ ይታያል። ኮች ራሱ ያላደረገውን ልጁን አስተምሮታል። እሑድ ዕለት ግን ያቺ ሙከራ ስትደርስ አንዴ አሳለፋትና ወደሚቀጥለው ሄደ። «ይቺን አንመልሳትም?» አልኩ ከጀርባ። ተጫዋቾቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በኢሜይል ብቻ ነው ያናገረኝ።

በጥቅምት፣ የቀድሞ ተማሪዎች በሚመጡበት ቅዳሜ፣ ያ ኳስ የያዘው ሰውዬ መጣ። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ወጥቷል። ማማው ሥር ቡና ይዘን ቆመን ስለዚያች ሙከራ ጠየቅሁት።

«እኔ እኮ መንገዴን ተሳስቼ ነው እዚያ ጥግ የተገኘሁት» አለኝ እየሳቀ። «ግራ መሄድ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ለእሱ ነግረኸው ታውቃለህ?»

«ለምን ብዬ? ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ በየሄደበት አየሁት እያለ ይናገርልኛል። አላየኸኝም ልበለው?»