የኢኮኖሚ ልማት ማዕከል ቦርድ አባላትን የአመራር ልምድ እንዴት አጣርቼ ጻፍኩት፦ ከድሬዳዋ

በዩኒቨርሲቲ ሥር ላለ የኢኮኖሚ ልማት ማዕከል ቦርድ ሲቋቋም፣ ጸሐፊ የተባለው ሰው እጅ ላይ መጀመሪያ የሚወድቀው የሲቪ ክምር ነው። የአንዱ ሦስት ገጽ፣ የሌላው አሥራ ሰባት ገጽ፣ የነጋዴው ደግሞ ጭራሽ የለም። ድሬዳዋ ላይ ይህን ሥራ ስይዝ የተሰጠኝ መመሪያ አጭር ነበር፦ የዘጠኙን አባላት የአመራር ልምድ አጣራ፣ ሴኔቱም ገንዘብ ሰጪውም የከፊራ ገበያ ነጋዴውም አንብቦ እንዲረዳው አድርገህ ጻፍ። የሠራሁበትን መንገድ ከነምክንያቱ አስቀምጣለሁ። ሐረር ወይም ጅግጅጋ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ለሚይዝ ሰውም ብዙው ይሠራል።

ሲቪ ከመክፈቴ በፊት የጠየቅኩት የማቋቋሚያ ሰነዱን ነው። የዩኒቨርሲቲው ቦርድና የማዕከሉ ቦርድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የሚተዳደር የተቋሙ የበላይ አካል ነው። የማዕከሉ ቦርድ ሥልጣን ግን ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ የሰጠውን ያህል ብቻ ነው። ሦስት ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ ያስፈልጋቸዋል። ቦርዱ ዓመታዊ በጀት ያፀድቃል ወይስ አስተያየት ብቻ ይሰጣል? የማዕከሉን ዳይሬክተር ይሾማል ወይስ ዕጩ ያቀርባል? ከውጭ ድርጅት ጋር ውል ሲፈረም ፊርማው የማን ነው? የሦስቱም መልስ «የፕሬዝዳንቱ ነው» ከሆነ ያ አካል አማካሪ ኮሚቴ ነው፣ ስሙም እንደዚያው ይሁን። ትልልቅ ነጋዴዎች ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ የሚጠፉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊወስኑ ተጠርተው ሪፖርት ሲያዳምጡ ይውላሉ።

ቀጥሎ ሰውን ትቼ ወንበሩን ጻፍኩ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በዕቃ መተላለፊያነት ያደገች ከተማ ናት። ዛሬም የጅቡቲው አዲስ የባቡር መስመር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል፣ ነፃ የንግድ ቀጠናውም ነሐሴ 2014 ተመርቋል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ላለ ማዕከል የሚያስፈልጉ የልምድ ዓይነቶች ከሌላ ቦታ መመሥረቻ ደንብ ተገልብጠው አይመጡም። እኔ ያወጣኋቸው ሰባት ናቸው፦ ትራንዚትና ጭነት፣ ፋብሪካ ማስተዳደር፣ ብድርና ባንክ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ፣ የከተማ አስተዳደር፣ የግብርና ምርት ገበያ፣ ምርምርና ማስተማር። በአንድ ወረቀት ላይ ሰባቱን በዓምድ፣ ዘጠኙን ወንበር በረድፍ አደረግሁና ለእያንዳንዱ ዕጩ 0፣ 1 ወይም 2 ሰጠሁ። 2 ማለት በዚያ ዘርፍ ውሳኔው በፊርማው የተላለፈ፣ ኪሳራውም ትርፉም የተጠየቀበት ሰው ነው። 1 ማለት አጠገቡ ሆኖ የሠራ ነው። ሥልጠና መውሰድና ጥናት ማቅረብ 1 እንኳ አያሰጡም፤ 0 ናቸው።

ሕጉ አንድ ነው፦ በእያንዳንዱ ዓምድ ቢያንስ አንድ 2 ይኑር። ይህን ወረቀት ያልሠራ ማዕከል የሚገጥመው ነገር ይታወቃል። የምርምሩ ዓምድ በ2 ይሞላል፣ የአስተዳደሩም እንዲሁ፣ የጭነቱና የብድሩ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ይሆናል። ደሞዝ በወሩ መጨረሻ ከየት እንደሚመጣ አስቦ ሳይተኛ ያደረ አንድም ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ስለ ሥራ ፈጠራ ይወሰናል።

የወንበሩ ቁጥርም ራሱን የቻለ ስሌት አለው። ዘጠኝ ከሆነ ምልዓተ ጉባኤው አምስት ነው። ከዘጠኙ አራቱ የመንግሥት ኃላፊዎች ከሆኑ፣ አስቸኳይ ካቢኔ በተጠራ ቀን አራቱም አይመጡም፤ ከቀሩት አምስት አንድ ሰው ጅቡቲ ከሄደ ስብሰባው ፈረሰ። ስለዚህ በሹመት የሚያዙ ወንበሮች ከሦስት እንዳይበልጡ አደረግን። እነዚያም በግለሰብ ስም ሳይሆን በኃላፊነት ቦታው የተያዙ ናቸው፤ ሹሙ ሲቀየር አዲሱ ተሿሚ ያለ አዲስ ምርጫ ይተካል። ተወካይ መላክ ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። በየስብሰባው ሌላ ሰው ይመጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ «ለኃላፊው አቀርባለሁ» ይላል፣ ይሄዳል። መድኃኒቱ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ አንድ ቋሚ ተለዋጭ እንዲሰይም፣ ተለዋጩም ድምፅ መስጠት እንደሚችል በዚያው ደብዳቤ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። የተለዋጩም ልምድ እንደ ዋናው ተጣርቶ ይጻፋል፤ ወንበሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እሱ ነውና።

ሲቪውን ወደ ጎን አድርጌ የአንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። አምስት ጥያቄ ብቻ አለው፦ የያዟቸው ኃላፊነቶች ከወርና ከዓመተ ምሕረት ጋር፤ በሥርዎ የነበረው የሰውና የበጀት መጠን፤ እርስዎ የወሰኑት አንድ ከባድ ውሳኔና ውጤቱ፤ ዛሬ ባለቤትነት፣ አክሲዮን ወይም ውል ያለዎት የት ነው፤ በወር ስንት ሰዓት መስጠት ይችላሉ። ምሁሩና ሹሙ ይሞሉታል። ነጋዴው አይሞላውም፤ ሄዶ ማነጋገር ነው። ጠዋት ከ2፡30 እስከ 5 ሰዓት ከሱቁ ወይም ከመጋዘኑ ሳይወጣ ይገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም የጫት በርጫውም ስላለ ቀጠሮ አይያዝም። ዓርብ ከ5፡30 በኋላ ጁምዓ ነው። በረመዳን ከሆነ ጥያቄዎቹን ከግማሽ ሰዓት በታች ማሳጠር ያስፈልጋል። ቋንቋውንም ተናጋሪው ይመርጣል፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የተናገረውን በአማርኛ ጽፌ እዚያው አነብለታለሁ፣ ያስተካክላል፣ ይፈርማል።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ያሉት በቅጹ ላይ ያልታሰበ ነገር ነው።

«ሀጂ፣ በዚያን ጊዜ ስንት ሠራተኛ ነበረዎት?»

«በደሞዝ ነው የምትለኝ በዘመድ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዚህ ከተማ ንግድ ውስጥ የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ እዚያው የሚያድር ልጅ በደሞዝ መዝገብ ላይ አይገኙም፤ ሥራው ግን በእነሱ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ሆነ፦ በደሞዝ እና በቤተሰብ።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ዓመተ ምሕረቱን ማቃናት ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የውጭ ድርጅትና የብዙ ግል ኩባንያ ደብዳቤ በአውሮፓውያን። ሰውየው ሁለቱን አንድ ሲቪ ላይ ሲገለብጥ ምንም ምልክት አያደርግም። «ሥራ አስኪያጅ፣ 1998–2014» የሚል መስመር ውሰዱ። ሲነበብ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። መጀመሪያው ከሹመት ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር የተወሰደ፣ መጨረሻው ከስንብት ደብዳቤ እ.ኤ.አ. የተወሰደ ከሆነ ግን 2014 የእኛ 2006 ነውና ልምዱ ስምንት ዓመት ነው። ማንም አልዋሸም፣ ግን ስምንት ዓመት ከአየር መጣ። ተቃራኒውም አለ፦ መጀመሪያው እ.ኤ.አ. ሲሆን መጨረሻው የእኛ ከሆነ ልምዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ሰው ሳይቀጠር የለቀቀ ይመስላል። ሁሉንም ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይቀነሳል። ወሩ ካልተጻፈ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ቅጹ ላይ ወር የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

ስምም እንደዚሁ ያደናግራል። አንዱ ሰው በንግድ ፈቃዱ ላይ መሐመድ፣ በባንክ ደብዳቤው ሙሐመድ፣ በድሮ የምድር ባቡር ወረቀት ላይ ደግሞ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ይገኛል፤ የድሮው ባቡር ኩባንያ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና። ስሙን እስከ አያት ጠይቄ፣ የታደሰ መታወቂያው ላይ ያለውን አጻጻፍ ወሰድኩ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች በማኅደሩ ውስጥ በእርሳስ አስቀመጥኳቸው።

ለማጣራት ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ወረቀት ይበቃል። የሹመት ደብዳቤ፣ «ተጠባባቂ» ይል እንደሆነ ለማየት። የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ለማየት። ለነጋዴ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፤ መሥራች ነኝ ካለ ደግሞ የፀደቀው የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ ምክንያቱም መሥራቾቹ በስም የሚገኙት እዚያ ነው። ከወረቀቱ ቀጥሎ ሁለት ሰው ማነጋገር ነው፦ አንድ በሥሩ የሠራ፣ አንድ እኩያው የነበረ። አለቃውን አልጠይቅም፤ አለቃ ያመሰግናል። በሥሩ የሠራ ሰው ግን «ገንዘብ ሲያጥር ማንን ነው መጀመሪያ የቀነሰው?» ሲባል የሚመልሰው መልስ ከአሥር የምስጋና ወረቀት የበለጠ ይናገራል። ይህን ሁሉ ከማድረጌ በፊት ዕጩው በፊርማው መፍቀድ አለበት፤ ያልፈቀደ ሰው ፋይል አይከፈትም።

ኪሳራ ያየ ሰው ላይ ብዙ ኮሚቴ ያመነታል። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ፋብሪካ ዘግቶ የሠራተኛ ካሳና የባንክ ዕዳ ከፍሎ የወጣ ሰው፣ ማዕከሉ የሚደግፋቸው ወጣቶች ሊወድቁበት የሚችሉትን ጉድጓድ ያውቀዋል። በጽሑፉ ላይም መዘጋቱ ይጻፋል፣ ከምክንያቱ ጋር፣ ባለቤቱ አንብቦ ሲስማማ።

አጻጻፉን በሚመለከት ለአንድ ሰው ከ100 ቃል እንዳይበልጥ ወሰንኩ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እንዲህ ያለ ነው፦ «ከ20 ዓመት በላይ የዳበረ ልምድ ያላቸው፣ በተለያዩ የኃላፊነት ቦታዎች በታታሪነት ያገለገሉ፣ ለከተማቸው ዕድገት የሚቆረቆሩ አንጋፋ የንግድ ሰው።» ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። በአርአያነት ያዘጋጀሁት ሞዴል ደግሞ ይህ ነው፦ «በጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ከ1996 ጀምሮ ይሠራሉ። ድርጅታቸው 14 ሠራተኞች በደሞዝ፣ 3 በቤተሰብ አሉት። በ2010 የባቡሩ አገልግሎት ሲጀመር የትኛው ጭነት ከመኪና ወደ ባቡር እንደሚዞር የወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት የደንበኛ መቀነስ ገጥሟቸው ሁለት መኪና ሸጠዋል። በቦርዱ የጭነትና የትራንዚት ወንበሩን ይዘዋል። በነፃ የንግድ ቀጠናው ደንበኞች ስላሏቸው ቀጠናውን በሚመለከት ውሳኔ ላይ ድምፅ አይሰጡም።» ይህን ያነበበ ወጣት ትራንዚተር ምን ብሎ ሊጠይቃቸው እንደሚችል ያውቃል።

ማዕረግ ላይ ቆጠብኩ። «ክቡር» እና «የተከበሩ» ወጡ። ዶክተርና ኢንጂነር ማስረጃው ካለ ይቀራል። ሀጂ ግን አይነካም፤ ያለ እሱ ሰውየውን ከተማው አያውቃቸውም።

የጥቅም ግጭቱ መስመር ብዙ ጭቅጭቅ አለው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሁሉ ወይ ይዛመዳል፣ ወይ አብሮ ተምሯል፣ ወይ አንድ ሠፈር አድጓል፤ ዝምድናን ሁሉ ብናግድ ቦርድ አይኖርም። የተጻፈው ደንብ ጠባብ ነው፦ እስከ አጎትና የአጎት ልጅ ድረስ ያለ ዝምድና፣ ማናቸውም አክሲዮን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የተፈረመ ውል። አባሉ ይናገራል፣ ከክፍሉ ይወጣል፣ የወጣበት ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው መውጣቱ ነው፤ «ድምፅ አልሰጥም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ድምፅ ይሰጣል። ግጭቱ በብዛት የሚነሳው በትልቁ ግዥ ሳይሆን የማዕከሉን የሥልጠናና የመሥሪያ ቦታ ዕድል ማን ያግኝ በሚለው ምርጫ ላይ ነው።

ሰብሳቢ ስንፈልግ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመርኩ፦ የሰበሰቡት ስብሰባ ተከፋፍሎ ያውቃል ወይ፣ የተቃውሞውስ ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል ወይ? ሁልጊዜ «በሙሉ ድምፅ ፀድቋል» የሚል ቃለ ጉባኤ ብቻ ያለው ሰው ሰብሳቢ መሆን ይከብደዋል። የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዝዳንት አባል ቢሆኑ መልካም ነው፣ ሰብሳቢ ግን ባይሆኑ እመርጣለሁ፤ የማዕከሉ ዳይሬክተር ለእሳቸው ተጠሪ ከሆነ፣ በቦርዱ ፊት የራሱን አለቃ ሥራ ነቅሶ ሪፖርት አያቀርብም።

የአገልግሎት ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው፣ ግን ዘጠኙ በአንድ ቀን እንዳይወጡ መጀመሪያ ላይ በዕጣ ለሦስቱ አንድ ዓመት፣ ለሦስቱ ሁለት፣ ለሦስቱ ሦስት ዓመት ተሰጠ። ጽሑፎቹን የማድሰው ነሐሴ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሐምሌ የሹመት ለውጥ እስከዚያ ይረጋጋል፣ ዩኒቨርሲቲውም መስከረም ከመግባቱ በፊት ትንሽ ይተነፍሳል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ የታደሰበት ወርና ዓመት አለ። የለቀቀ አባል ጽሑፍ አይሰረዝም፤ «ከዚህ እስከዚህ አገልግለዋል» ተብሎ ወደ ቀድሞ አባላት ይዛወራል፤ ስድሳ ሦስት ቁጥሮች ያሉበት ወረቀትም እንደ አዲስ ይሞላል፣ የሄደው ሰው ብቸኛው 2 የነበረበት ዓምድ የትኛው እንደሆነ እንዲታይ።