ሪማፕ ለሐረጎ ዳገት፦ ፋይሉን ከማስጫናችሁ በፊት

ሃይሉክስ ዲፎርዲ ባለ 3.0 ሊትሩን ሪማፕ ሳስደርግ፣ ማለትም ጉልበት እንዲጨምር የሞተሩን ኮምፒውተር ፋይል ሳስለውጥ፣ ማንም ያላስጠነቀቀኝን ልንገራችሁ። ገበያ ላይ የሚዞረው ዝግጁ ፋይል ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው፤ ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ዝግጅቱ ብዙ አያስወራም። የናፍጣ ፊልትሮ ይቀየር፣ የኢንተርኩለር (ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያበርደው) ቱቦዎች ይፈተሹ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ማስተካከያ (ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ናፍጣ) በስካነር ይነበብ፤ ከአራቱ አንዱ ከ3 በላይ ወይም ከ-3 በታች ካሳየ ሪማፑን እርሱት፣ መጀመሪያ ኢንጀክተር። ከሥራቸው ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ካስተነፈሰች ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል።

ዋናው ፋይል ተነብቦ በፍላሽ ይሰጣችሁ። አዲሱ ሲጻፍ «ባትሪው ሙሉ ከሆነ ይበቃል» ይሏችኋል። አይበቃም። መሃል ላይ ቮልቴጅ ከወረደ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቻርጀርም ዋስትና አይደለም። ሁለተኛ ባትሪ በካቦ ይያያዝ።

እስካሁን የሚያበሽቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፋይሉን የሸጠልኝ ጋራዥ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነድቶ ገንዘቡን ተቀበለ። ሐረጎ ላይ በ3ኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ ኋላውን ጋረደው፣ ከቱርቦው በፊት ያስገጠምኩት የሙቀት መለኪያ 800 ዲግሪ አለፈ፣ የቼክ መብራት በርቶ ጉልበቱ ተቆረጠ። የጋራዡ መልስ «ናፍጣው ነው» የሚል ነበር። ናፍጣው ምን በወጣው!

ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር ገደማ ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር። የሞተሩ የአየር ግፊት ሴንሰር የሚያነበው ጠቅላላ ግፊትን (የውጭው አየርና የቱርቦው ጭማሪ ድምር) ነው። ስለዚህ ፋይሉ 2.2 ባር ካዘዘ ቱርቦው ባሕር ጠለል ላይ አየሩን 2.2 ጊዜ ቢያምቅ ይበቃዋል፤ ደሴ ላይ ግን ወደ 3 ጊዜ ማመቅ አለበት። ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩም አብሮ ይግላል። ፋብሪካው ይህን አውቆ በከፍታው ልክ ግፊቱንና ናፍጣውን የሚቀንስ ሰንጠረዥ አስገብቷል። የእኔ ፋይል ሠሪ ያጠፋው ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው፤ ሜዳ ላይ ማን ያውቅበታል? አየሩ ሳይበቃ ናፍጣ ሲጨመር ትርፉ ጭስ ብቻ አይደለም፣ ሙቀቱ ፒስተን ይሰነጥቃል። የዚህ ሞተር ፒስተን ደግሞ ሳይነካም በስንጥቅ ይታማል።

እንግዲህ ስታዙ የከፍታ ሰንጠረዡና የጭስ ገደቡ (ናፍጣውን በአየሩ ልክ የሚገድበው) እንደ ፋብሪካው ይቆዩ በሉ። ጭማሪው ከ1,800 እስከ 3,000 ዙር ባለው ላይ ይሁን፤ 15 በመቶ በቂ ነው። የማንዋል ማርሹ መኪና የፋብሪካ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) 343 ኒውተን ሜትር ነው፤ 400 ካለፈ ያረጀ ፍሪሲዮን በ5ኛ ማርሽ ዳገት ላይ መንሸራተት ይጀምራል። «40 በመቶ እጨምራለሁ» የሚላችሁ ካለ ጭነት ይዛችሁ ሐረጎን አብሯችሁ ይውጣ። በኋላ በልኩ የተሠራው የእኔ መኪና ዛሬ ያንኑ ዳገት ያለ ጭስ ይወጣል።

ሙከራው ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ተጭኖ ይሁን። ስካነሩ የታዘዘውንና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን ይመዝግብ፤ ሁለቱ ከተራራቁ ወይም ሙቀቱ ከ700 አልፎ ከቆየ ናፍጣው ይቀነስ። ክፍያውም ደሴ ሲደረስ እንጂ ኮምቦልቻ ላይ አይሁን።