የደለቡት በሬዎች

«የዳነ ማገዶ ባንክ አይገባም፣ ወንድሜ።»

ይቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ያኔ መራዊ አካባቢ የወረዳ ኢነርጂ ባለሙያ ነበርኩ፣ ሥራዬም ባዮጋዝ፣ ማለትም ከከብት እበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ፣ ማስገንባት። ከወጪው ከፊሉ በድጎማ ይሸፈናል። ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ከገበሬው ነው። የቀረውን ብድር ይሞላዋል ተብሎ ከላይ ታቅዷል።

አያ የምለው ገበሬ ለባለ 6 ሜትር ኩቡ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል። አራት ከብት አለው፤ ውኃውም ቅርብ ነው። የክልሉን ደብዳቤ ይዤ አብረን ወደ አበዳሪው ሄድን።

«ባዮጋዝ ይሸጣል?» አለኝ የብድር ሠራተኛው።

«አይሸጥም። ግን ማገዶ ያድናል።»

ያቺን ንግግር ያመጣት ይሄኔ ነው። ቀጠለና «እንጀራስ ይጋግራል?» አለ።

አፌ ተያዘ። ወጥና ቡና እንጂ የምጣዱ ነገር ገና አልተፈታም ነበር። ወደ ደብዳቤው ሸሸሁ።

«ክልሉ እኮ ጽፏል!»

«ጽፏል። ብር ግን አልላከም። የማበድረው የተቋሙን ነው፤ ካልተመለሰ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ቅጹን ወደኔ ገፋው። ማድለብ፣ በግ እርባታ፣ ንግድ፣ ማዳበሪያ። «እስቲ የቱ ላይ ምልክት ላድርግልህ?»

ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ጢስና ስለ ሴቶች ዓይን አንድ ሙሉ ሥልጠና ሰጠሁት። ጨዋ ነው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። አያ ግን እኔን አልነበረም የሚያዳምጠው፤ ዓይኑ ቅጹ ላይ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጉድጓዱ ውኃ ቋጠረ። «ልጄ፣ ዓሣ ላርባበት?» ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር።

አንድ ቀን ብቻውን ሄዶ ለሁለት በሬ ማድለቢያ ተበድሮ መጣ። የቡድን ዋሶቹ የሚያውቁትን ያውቃሉ። እኔ አልመከርኩትም። አልከለከልኩትምም።

ዝናቡ ሲያባራ ባዮጋዙ ተገነባ። እኔ «በብድር የተገነባ፦ 1» ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። የብድር ሠራተኛው «ማድለብ» ብሎ አደረገ። ግምገማ ላይ ቁጥራችን አልገጥም ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀን። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 አቅዶ የገነባው 8,000 ገደማ ነው። ሰው «ገበሬው አልተቀበለውም» ሲል ስሰማ የምትታየኝ ያቺ ቅጽ ናት።

የመጀመሪያውን ክፍያ አያ በጊዜው ከፈለ። ከምን አምጥቶ? ሊያነደው የነበረውን ባሕር ዛፍ ሸጦ። ይህን ለብድር ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ለክትትል አብረን ወጣን። ቤት ገብተን ተቀመጥን። ባለቤትየው ምድጃውን ለኮሰችው፤ ሰማያዊው ነበልባል ቦግ አለ። ጀበናው ተጣደ። የብድር ሠራተኛው ነበልባሉን አየ፤ እኔን አየ፤ ደግሞ ቅጹን አየ።

«አባት፣ በሬዎቹ የታሉ?»

«ከጉድጓዱ ናቸው» አለ አያ፣ በእጁ ወደ ጓሮ እያሳየ። «ሲተነፍሱ አይሰማህም?»

አቦሉን ጠጣ። ቶናውንም ጠጣ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና «በሬዎቹ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብሎ ፈረመ።