አውቶማቲክ ነው ሲሏችሁ «የትኛው?» በሉ

ሰሞኑን መኪና ፈላጊው በዝቷል፣ «ርካሽ አውቶማቲክ መኪና ልግዛ ወይ?» እያለ እኔን የሚጠይቀኝም እንደዚያው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞረው የነዳጅ መኪና ያው አገር ውስጥ ያለው ነው። ባለቤቱ ይቀየራል፣ የወንበር ልብሱ ይቀየራል፣ መኪናው ግን ያው ነው። ዋጋውን ተዉት። እዚህ ርካሽ የምለው ከሌላው አንጻር ነው፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና የመሳሰሉትን ማለቴ ነው።

ደላላው ምን ይላል? «አውቶማቲክ ነው፣ ረግጦ መሄድ ብቻ ነው!» እሺ። ግን በአውቶማቲክ ስም የሚሸጠው ካምቢዮ አንድ ዓይነት አይደለም። የድሮው ባለ 4 ማርሽ አለ። ሲቪቲ አለ። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ማኑዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን ማሽን የሚረግጥለት ነው።

ሰው የሚፈራው ሲቪቲን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ውስጡ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ የሚገባ ማርሽ የለም። ሁለት ፑሊዎች አሉ፣ በመሃላቸው የብረት ቺንጊያ አለ። እያንዳንዱ ፑሊ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በዘይት ግፊት ሁለቱ ጎኖች ሲጠጋጉ ቺንጊያው ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ ሲራራቁ ወደ መሃል ይወርዳል። ማርሽ የሚቀየረው እንዲህ ሳይቋረጥ ነው። ስኩተር ላይ ያለውም ሐሳቡ ይኸው ነው፣ የሱ ቺንጊያ የጎማ መሆኑ እንጂ። አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ የሆላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 በትንሽ መኪና ላይ ገጥሞ አሳይቶታል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ አይነቀንቅም። ችግሩ ሕይወቱ በዘይቱ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ዘይቱ ካረጀ ወይም ከልክ በላይ ከሞቀ ቺንጊያው መንሸራተት ይጀምራል፣ ከዚያ ብረት ብረትን ይፍቃል።

የትኛው መኪና ላይ አለ? ሰው የሚያምታታው ቪትዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የተሠራው አሮጌው ቪትዝ አውቶማቲክ ከሆነ አብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ መሪው ወደ ግራ የተዛወረው ብዙውን ጊዜ ሲቪቲ ነው። ያሪስ ተብሎ ከገልፍ አገሮች የመጣው ባለ 4 ማርሽ ነው። ከአውሮፓ የመጣው ደግሞ ማኑዋል ወይም ያ ፍሪሲዮኑን በማሽን የሚረግጠው ነው። ላሜራው አንድ፣ መብራቱ አንድ፣ ካምቢዮው ሦስት ዓይነት! ከዚያ ደላላው ሦስቱንም በአንድ ዋጋ ይጠራልሃል።

ኮሮላ ከአሜሪካ የመጣና የ2014 ሞዴል ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ አብዛኛው ሲቪቲ ነው። ሚትሱቢሺ ሚራዥና አትራዥ አውቶማቲካቸው ሲቪቲ ነው። ሆንዳ ፊት ከጃፓን ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድም ሲቪቲ ነው፤ ከቆመበት ሲነሳ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ብዙ ጊዜ ዘይቱን መቀየር ይፈታዋል። ሱዙኪ ዲዛየር ግን ሲቪቲ አይደለም። አውቶማቲክ የሚባለው አብዛኛው ተራ ማኑዋል ካምቢዮ ላይ ማሽን የተጨመረበት ነው፤ ማርሽ ሲቀይር ራስህን ወደ ፊት ነቅነቅ ያደርግሃል። እኔ እንደ ጉድለት አላየውም፤ ማኑዋል የሚያውቅ መካኒክ ሁሉ ይገባዋል።

ኒሳን ላይ ጠንከር እላለሁ። ቃሽቃይ፣ ጁክ፣ ኤክስ ትሬይል፣ ሴንትራ፣ ሲቪቲ የበዛባቸው ናቸው። ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ለተሠሩት ሲቪቲ መኪኖቹ የካምቢዮ ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ዝም ብሎ አያራዝምም። የዚያን ዘመን ኒሳን ጅማ ላይ አምጥተው «ለአንተ ብዬ ነው» ቢሉኝ አመሰግናለሁ፣ አልገዛም።

ፕሪየስ ላይ «ኢ-ሲቪቲ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ ቺንጊያ የለውም፣ ማርሾችና ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው።

ታዲያ ሳይነዱ እንዴት ይታወቃል? ቶዮታ ከሆነ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ወይም የሾፌሩን በር ከፍታችሁ ምሰሶውን እዩ። የሞዴሉ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ፣ አቧራውን በጣታችሁ ጥረጉት። ትራንስ የሚለው መስመር ላይ የካምቢዮው ኮድ ተጽፏል። በእንግሊዝኛው ኬ የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ኬ310፣ ሲቪቲ ነው። በዩ ወይም በኤ ከጀመረ የተለመደው አውቶማቲክ ነው። በሲ ከጀመረ መሠረቱ ማኑዋል ነው። ደላላው «ምን ታያለህ ወንድሜ፣ ተማመን እንጂ» ሲል ዝም ብላችሁ አንብቡ።

ከዚያ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አቅጣጫ ዳገቱን አስወጡት። ሲቪቲ ዳገት ላይ ሞተሩን በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ አቁሞ ያጓራል፤ ያ ጤነኛ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ አንድ ሊትሩ ቪትዝ መጮኹ አይቀርም። ጤነኛ ያልሆነው ጩኸቱ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ የሚነጥር ከሆነ፣ ወይም ፍጥነት ሲጨምር ፉጨቱ አብሮ የሚቀጥን ከሆነ ቁልፉን መልሱ።

የአጎቴ ልጅ አጋሮ ነው የሚሠራው፣ ቡና ይነግዳል። ሲቪቲ ቪትዙን አንድ ጋራዥ ወስዶ ዘይት አስቀየረ። «ጌታዬ ይሄ የሲቪቲ ነው?» ቢል «ዘይት ዘይት ነው፣ የአውቶማቲክ ነው» አሉት። ብዙ ሳይቆይ መኪናው ከአጋሮ ሲመለስ ዳገት ላይ እምቢ አለ። የአውቶማቲክ ዘይት ለሲቪቲ አይሆንም፤ ቺንጊያው ፑሊውን እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ለብቻው ዘይት አለው። ቶዮታ ቲሲ ወይም ኤፍኢ ይለዋል፣ ኒሳን ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3። የመኪናውን መጽሐፍ አይታችሁ ዘይቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፣ ሲጨምሩም አጠገባቸው ቁሙ።

ለኔ ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው፣ ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለት ሲቪቲ ቪትዝ ምንም አይልም። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ግን ባለ 4 ማርሹን ወይም ማኑዋሉን እመርጥለታለሁ። መንገዱ ላይ ያለው የጊቤ ሸለቆ ሞቃት ነው፤ በዚያ ሙቀት ላይ ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ዳገት ለካምቢዮ ዘይት ከባዱ ቦታ ነው። ሲቪቲ ያላችሁ እዚያ አትጣደፉ። ወደ ጊቤ ስትወርዱ ደግሞ የማርሽ ዘንጉን ኤል ወይም ቢ የሚለው ላይ አድርጉት፣ ፍሬን ላይ ብቻ አትቁሙ፣ ፎሌ አድርጋችሁማ በፍጹም።

መንገድ ላይ ከቆመባችሁ በገመድ አታስጎትቱት። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ቆሟል፣ ካምቢዮው በደረቁ ይፋቃል። የጭነት መኪና ላይ አስጭኑት፣ ወይም መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት የሚያነሳ ፈልጉ። ከሰኮሩ ጅማ ማስጫኛው ይወደዳል፣ ግን ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ።